የልጆች መብት በትምህርት ቤት፦ ወሎ ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደሴ እስከ ላሊበላ፣ ከኮምቦልቻ እስከ መካነ ሰላም፣ ወላጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች ስለ ልጆች መብት የሚጠይቁት ይመሳሰላል። በወላጅ ስብሰባ ላይ በይፋ የሚነሳ አለ። በቡና ላይ በሹክሹክታ ብቻ የሚነሳም አለ። ሁለቱንም እዚህ ሰብስበናቸዋል።

ልጅ የሚባለው እስከ ስንት ዓመቱ ነው?

18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ። ጺም ያወጣ የ11ኛ ክፍል ተማሪም 17 ዓመቱ ከሆነ በሕግ ፊት ልጅ ነው። «እሷ እኮ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች» የሚለው የሰፈር ግምት በዕድሜ ቦታ አይገባም።

ስለዚህ የልደት ምዝገባን ቸል አትበሉ። ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ ሄዶ ማስመዝገብ ኋላ ከብዙ ጣጣ ያድናል። ያለዕድሜ ጋብቻም ሆነ የዓረብ አገር ጉዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያከራክረው ዕድሜ ነው። ወረቀት የሌለው ልጅ ግን ወረቀት ስለሌለው ብቻ ትምህርት ሊከለከል አይገባም። ይመዝገብ፣ ይማር፣ ወረቀቱ ይከተላል።

እነዚህ መብቶች የት ተጻፉ?

ዋናው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 36 ሙሉውን ስለ ሕፃናት ነው የሚናገረው። ከዚያ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አለ። በ1989 እ.ኤ.አ. ጸደቀ፣ ኢትዮጵያም በ1991 እ.ኤ.አ. ተቀበለችው። ሦስተኛው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደህንነት ቻርተር ነው፤ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው። «የፈረንጅ ሕግ ነው» ለሚል ሰው ይህንን ሦስተኛውን አሳዩት። ደግሞም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

መምህር ተማሪን መምታት ይችላል?

አይችልም። ልጆች በትምህርት ቤት ውስጥ አካልን ከሚጎዳ፣ ከጭካኔና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 36 ደንግጓል። ርዕሰ መምህሩ ቢፈቅድም አይችልም። ወላጅ ቢፈቅድም አይችልም።

ይቺ የወላጅ ፈቃድ ነገር ሥር የሰደደች ናት። «ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ» ብሎ ልጁን ለመምህር ያስረከበ ወላጅ ስንት ነው! ፍቅር ነበር፣ አደራም ነበር። ወላጅ ግን የልጁን መብት በአደራ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አይችልም፤ መብቱ የልጁ ነዋ።

ቅጣት ሲባል አለንጋና ልምጭ ብቻ አይደለም። ኩርኩም፣ ጆሮ መቆንጠጥ፣ ማንበርከክ፣ «ደደብ» ብሎ ክፍል ፊት ማሳፈር፣ ሽንት ቤት ማስጠረግ፣ ሁሉም እዚሁ ውስጥ ይገባል። የደሴን ጠዋት አስቡት። ባንዲራ ተሰቅሎ የግቢው በር ይዘጋል። አርፋጆቹ ጠጠር ላይ ይንበረከካሉ። መሃላቸው ከጦሳ ተራራ ግርጌ በዚያ ጉም ውስጥ ተጉዞ የመጣ የሦስተኛ ክፍል ልጅ አለ፤ እህቱን አጸደ ሕፃናት አድርሶ ነው ያረፈደው። ሲነሳ ጉልበቱ ላይ የጠጠሩ ቅርጽ ታትሟል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር፣ አልፎታል። ለምን እንዳረፈደ የጠየቀው ሰው የለም። ነገ የሚያረፍድ ከመሰለው ደግሞ ከነጭራሹ ይቀራል።

ታዲያ ያለ ዱላ ሥርዓት እንዴት ይያዛል? ክፍሉ እኮ ጢም ብሏል!

የመምህራኑ ጥያቄ ትክክል ነው። ተማሪው በአንድ ዴስክ ላይ አራት ሆኖ በተጨናነቀበት ክፍል «ልጆቹን በፍቅር ያዙ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ መካሪው ራሱ ገብቶ አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምርና ይየው። የክፍሉ መጨናነቅ የመንግሥት ዕዳ ነው፣ መምህሩም ይህንን ጮክ ብሎ ቢናገር መብቱ ነው። ያ ዕዳ ግን በልጁ ጀርባ ላይ አይከፈልም።

የሚሠራ ነገር አለ። መስከረም ላይ የክፍሉን ደንብ ከተማሪዎቹ ጋር አብሮ ማውጣትና ግድግዳ ላይ መለጠፍ አንዱ ነው። ልጆች ራሳቸው ያወጡትን ደንብ ሲጥሱ ያፍራሉ፤ የሚያከብሩትም እርስ በርስ እየተቆጣጠሩ ነው። የሚረብሸውን ልጅ ቦታ መቀየር፣ ሥራ መስጠት፣ ለብቻው ጠርቶ «ምን ሆነህ ነው?» ማለትም አለ። ብዙ ጊዜ «ቁርስ አልበላሁም» የሚል መልስ ይመጣል። ችግሩ ሲከር ወላጅ ይጠራል፣ ቀጥሎ ወመህ፣ ማለትም የወላጅ መምህር ህብረቱ፣ ያየዋል። ወላጅ ሲጠራ ግን ልጁን ቤት ወስዶ እንዲገርፍ አይሁን። ያ ዱላውን ከግቢ ወደ ቤት ማዛወር ነው።

ቁርአን ቤትና የቄስ ትምህርት ቤትስ?

የአንቀጽ 36 ጥበቃ ልጅን አይቶ እንጂ የትምህርቱን ዓይነት አይቶ አይለይም። ሼሁም የኔታም የሚያስተምሩት ልጅ ያው አንድ ልጅ ነው። እዚህ ላይ ግን ከክስ በፊት ወግ ይቅደም። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን የሚከበሩበት አገር ነው፤ የሃይማኖት አባቶች በመስጊድና በደጀ ሰላም ሁለት ቃል ቢናገሩ የአንድ ዓመት ሥልጠና ያህል ይሰማሉ።

መዋጮ ስላልከፈልኩ ልጄን ከክፍል አስወጡት። ልክ ነው?

ልክ አይደለም። በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትምህርቱ በነጻ ነው። መዋጮ ወላጆች ተስማምተው የሚያዋጡት ድጋፍ ነው። የአባትን ኪስ ጉዳይ በልጅ ፊት ማንሳት፣ ያልከፈሉትን ስም ሰልፍ ላይ መጥራት፣ የውጤት ካርድ አልሰጥም ብሎ መያዝ ነውር ነው። የዩኒፎርምም እንዲሁ። መክፈል ካልቻላችሁ ለወመህ ንገሩ። ሰፈሩ ቅሬ፣ ማለትም እድር፣ ያለው ከሆነ ደግሞ ለለቅሶ የሚደርስ ቅሬ ለአንድ ልጅ ደብተርና ጫማ አይቸግረውም።

የገበያ ቀንና አጨዳ ሲመጣ ልጆች ይቀራሉ። ልጅ ቤተሰቡን መርዳቱ ጥፋት ነው?

መርዳቱ ጥፋት አይደለም። በሬ መመለስ፣ ውሃ መቅዳት፣ ታናሽን መያዝ እኛም ያደግንበት ነው። ሕጉ የሚከለክለው ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደህንነቱን የሚጎዳ ሥራ ነው።

ባቲ ሰኞ ገበያ ነው። ሰኞ ሰኞ አንድ ልጅ ከፍየል ጋር ገበያ ከዋለ በዓመቱ መጨረሻ ከአምስት ቀን ትምህርት አንዱን ቀን አልተማረም ማለት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ አጨዳው ይመጣል። አስተዋይ ርዕሰ መምህር ይህንን አስቀድሞ ያውቃል። በገበያ ቀን ፈተና አይሰጥም። ከወላጆች ጋር ተነጋግሮ ልጆች ጠዋት ተምረው ከሰዓት ገበያ እንዲደርሱ ያመቻቻል። «ለምን ቀረህ» ብሎ ከመቅጣት ይህ ይሻላል።

የቅጥር ሥራ ግን ሌላ ነው። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለ ወጣት ሠራተኛም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም በሌሊት፣ ወይም አደገኛ ሥራ ላይ መሥራት የለበትም። ለኮምቦልቻ ጋራዥም፣ ለደሴ ሻይ ቤትም፣ ለሚኒባስ ረዳትነትም ይሠራል።

ጓደኛችን ልትዳር ነው። ምን እናድርግ?

ይህንን የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ ተማሪዎች ናቸው። ወላጅ ሳይሰማ እነሱ ይሰማሉ።

የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት ነው፤ የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም የአማራ ክልሉም ይህንኑ ይላሉ። ተጋቢዎቹ በነጻ ፈቃዳቸው ካልሆነ ደግሞ በማንኛውም ዕድሜ ጋብቻ አይደለም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 መሠረት ያልደረሰች ልጅ ያገባ ሰው፣ 13 ዓመት የሞላት ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከዚያ በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል።

ድግሱ ሠርግ ነው ተብሎ ላይጠራ ይችላል። ማኅበር ነው፣ ክርስትና ነው፣ የእህቷ ሠርግ ነው ይባላል። ምልክቶቹን አስተውሉ። ልጅቷ ድንገት ዝም ትላለች። ደብተሯን ለጓደኛዋ ትሰጣለች። ቤታቸው ጌሾ ይወቀጣል ወይም በሬ ተገዝቷል። እንዲህ ሲሆን ለምታምኗት መምህርት ወይም ለሥርዓተ ፆታ ክበብ ተጠሪዋ በዚያኑ ቀን ንገሩ። እሷ ለርዕሰ መምህሩ፣ ርዕሰ መምህሩ ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ያደርሳሉ። እናንተ ሄዳችሁ ከአባቷ ጋር አትጋጠሙ፤ እሱ የትልልቆች ሥራ ነው።

ሠርጉ ከቀረ በኋላ ያለው ጊዜ ይረሳል። ልጅቷ ያው ቤት ውስጥ ናት፣ ቤተሰቡም ተዋርደናል ብሎ አኩርፏል። ያን ጊዜ ነው ሼሁ ወይም ነፍስ አባት ቤት ድረስ ሄደው አባትየውን ማነጋገር ያለባቸው። ትምህርቷን ካቋረጠች ሠርጉ የተላለፈ እንጂ የተሰረዘ አይደለም።

ልጄ ትምህርቷን አቋርጣ ዓረብ አገር ልሂድ ትላለች። ትምህርት ቤቱ ምን አገባው?

በደንብ ያገባዋል። ከሐይቅ፣ ከመርሳ፣ ከወረኢሉ፣ ከቃሉ ስንቷ ልጅ በዚህ መንገድ ሄዳለች። ለውጭ አገር ሥራ የሚፈቀደው ዕድሜ 18 ነው። ስለዚህ ደላላው ዕድሜዋን ያስጨምራል። ብዙ ወላጅ ይህንን እንደ ቀላል ውለታ ያየዋል። ጉዳቱ የሚታየው እዚያ ስትደርስ ነው። የ16 ዓመት ልጅ በወረቀት 23 ዓመቷ ሆኗል፤ ችግር ቢደርስባት እንደ ልጅ የሚያያት አካል የለም። በአፋርና በጅቡቲ በኩል በእግር ለሚሄዱት ወንዶች ልጆች ደግሞ ይህም ወረቀት የላቸውም።

ትምህርት ቤቱ ዘበኛ ይሁን አይባልም። ሁለትና ሦስት ቀን ባዶ የዋለ መቀመጫ ግን ጥያቄ ይፈልጋል። አቴንዳንስ ላይ «ቀሪ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ክፍል ኃላፊው ለወላጅ አንድ ስልክ ቢደውል አንዳንዴ ልጅቷ ገና ደላላው ቤት ናት። እና እባካችሁ፣ ልጅቷን «ስግብግብ» አትበሏት። እናቷን ልታሳርፍ ነው የምታስበው። እዚሁ ተምሮ ኑሮውን የለወጠ የሰፈር ልጅ አምጥታችሁ አነጋግሩላት።

መምህር ወይም ትልቅ ተማሪ ልጄን አስነውሯታል። ሽማግሌዎች በእርቅ እንጨርሰው ይላሉ።

ወሎ እርቅ ያውቃል። በደም የተፈላለጉ ሰዎች በአስታራቂው ሽማግሌ፣ በአባጋር ፊት ተቀምጠው፣ ዱአ ተደርጎ፣ ታርቀው አብረው የበሉበት አገር ነው። ይህ እንዲጠፋ የሚፈልግ ሰው የለም። በልጅ ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ግን ለሽምግልና የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም። በደሉ የደረሰው በልጅቷ ላይ ሲሆን የሚታረቁት አባትየውና ጥፋተኛው ናቸው። በግ ይታረዳል፣ ካሳ ይቆረጣል። እሷ ሰኞ ጠዋት ያው ክፍል ትገባለች፣ እሱም ያው ሰሌዳ ፊት ይቆማል።

ሕጉ እዚህ ላይ ቆራጥ ነው። ከ18 ዓመት በታች ካለች ልጅ ጋር አዋቂ ሰው የሚፈጽመው የግብረ ሥጋ ግንኙነት ወንጀል ነው፤ «ፈቅዳ ነው» ማለት አያድነውም። ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ስትሆን ቅጣቱ እጅግ ይከብዳል። አጥፊው መምህሯ መሆኑም ቅጣቱን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለትም። ወንድ ልጅም ይጠቃል፤ ወንድ ስለሆነ ዝም እንዲል አታድርጉ።

መጀመሪያ ሐኪም ቤት፣ ቶሎ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ ሰዓቱ ባጠረ ቁጥር ይሻላል። ያልተፈለገ እርግዝናን የሚከላከለውም ቶሎ ሲወሰድ ይሻላል። ልብሷን አትጠቡት፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙት። ገላዋንም ከምርመራው በፊት አትታጠብ። ከዚያ ፖሊስ፤ የ991 ነጻ መስመርም አለ። በመንገድ ላይ ሁሉም ሰው «እስቲ ንገሪኝ ምን ሆንሽ» እያለ አያስደግማት። አንድ የምታምነው ሰው አብሯት ይሁን።

ሽማግሌዎች ሥራ የላቸውም ማለት አይደለም። ልጅቷን ሰፈሩ እንዳይጠቁምባት፣ ምስክር የሆነው ቤተሰብ እንዳይገለል፣ ቂም በቀል እንዳይነሳ ማድረግ የሚችሉት እነሱ ናቸው። ያንን ይሥሩልን።

ልጆች በትምህርት ቤቱ ጉዳይ ሐሳብ መስጠት አለባቸው? «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባል የለ?

ተረቱ ለሊጥ ይሁን። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽና የመደመጥ መብት እንዳለው ይናገራል።

ችግሩ መድረክ ማጣት አይደለም። የልጆች ፓርላማ አለ፣ ክበባት አሉ፣ ሚኒ ሚዲያ አለ። የሐሳብ መስጫ ሳጥንም አለ። ሳጥኑን ልብ ብላችሁ እዩት። ከኮምፖርሳቶ የተሠራ ነው፣ ቁልፍ አለው፣ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ተሰቅሏል። ልጁ ወረቀቱን የሚከተው ጸሐፊዋ እያየችው ነው። ቁልፉ ደግሞ ቅሬታው በሚመለከተው ሰው መሳቢያ ውስጥ ነው! ሳጥኑ ቤተ መጻሕፍት አካባቢ ወይም ከሴቶች መጸዳጃ አጠገብ ይሰቀል። ቁልፉ ለሁለት ሰው ይሁን፣ አንዷ ከወመህ አንዱ ከተማሪዎች። በየሁለት ሳምንቱ ይከፈት፣ «ይህ ተጠየቀ፣ ይህ ተደረገ» ተብሎ ሰልፍ ላይ ይነገር። ስም አይጠራ።

ሰኔ 9 የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ሲከበርም ይህ ይታወስ። ቀኑ የተሰየመው በ1976 እ.ኤ.አ. በሶዌቶ በምንማርበት ቋንቋ ጉዳይ ይሰማን ብለው ለወጡና ለተገደሉ ተማሪዎች ነው። እኛ ጋ ልጆች ትልልቅ ሰው የጻፈላቸውን ግጥም አንብበው፣ ባለሥልጣን ንግግር አድርጎ ያልቃል።

ልጄ ቤት ውስጥ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። በምን ቋንቋ መማር አለበት?

በአፍ መፍቻ ቋንቋው አንደኛ ደረጃን የመማር መብት አለው። በከሚሴና በባቲ አካባቢ በኦሮምኛ፣ በዋግ ኽምራ በኽምጣና ይማራሉ። ቤተሰቡ ወደ ደሴ ቢዛወርና ልጁ አማርኛው ገና ቢሆን መሳቂያ አይሁን፤ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም ጸጥ ያለው።

የወር አበባ ሲመጣ ሴት ልጆች ይቀራሉ። ይህም የመብት ጉዳይ ነው?

ነው እንጂ! በየወሩ ሁለትና ሦስት ቀን የምትቀር ልጅ ከወንዱ እኩል ተማረች አይባልም። መቀርቀሪያ ያለው የሴቶች መጸዳጃ፣ ውሃ፣ የንጽህና መጠበቂያ፣ የምትነግራት አንዲት መምህርት ይበቃሉ። መቀርቀሪያ ዋጋው ስንት ነው?

አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ «ለሱ የሚሆን ትምህርት ቤት ውሰዱት» ብለው መለሱን።

መመለስ አይችሉም። ክፍሉን ከፎቅ ወደ ምድር ማውረድ፣ ፊት ወንበር ማስቀመጥ፣ መወጣጫ መሥራት የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። እምቢ ካሉ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የልዩ ፍላጎት ባለሙያ ሂዱ።

መምህሩ የልጄን ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ሕዝቡ ሁሉ እየሳቀበት ነው።

ቪዲዮውን አስወርዱት። ልጅ መልስ ሲሳሳት ቀርጾ «ላይክ» ማደን ማስተማር አይደለም። ኮንቬንሽኑ የልጅን ግላዊነትና ክብር ይጠብቃል፤ አገራችንም በ2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አውጥታለች። ያለ ወላጅ ፈቃድ ምስል መልቀቅ አይገባም። የተራበ ልጅን እያለቀሰ ቀርጾ «እርዱት» ማለትም ቢሆን፣ ልቡ ደግ ቢሆንም፣ ልጁ አድጎ ራሱን እንደሚያየው አስቡ።

ልጅ መብቱን ካወቀ አይባልግም?

የአፍሪካው ቻርተር አንቀጽ 31 የልጅን ግዴታ ይዘረዝራል፦ ወላጆቹን፣ የበላዮቹንና ታላላቆቹን ያክብር፣ ለቤተሰቡ አንድነት ይሥራ ይላል። ስለ መብት ስታስተምሩ ይህንንም አብራችሁ አስተምሩ። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። «ቲቸር፣ ይህ አልገባኝም» ያለን ልጅ ባለጌ የምንለው ከሆነ ችግሩ ከልጁ አይደለም።

ቅሬታ ካቀረብን በኋላ ልጄን ማርክ ቢቀንሱበትስ?

ፍርሃቱ ባዶ አይደለም። ስለዚህ ብቻችሁን አትሂዱ። ያው ችግር የደረሰባቸው ሌሎች ወላጆች ካሉ አብራችሁ ፈርሙ፤ በወመህ በኩል ሲሄድም ጉዳዩ የአንድ ሰው ጠብ አይመስልም። ቅደም ተከተሉ ርዕሰ መምህር፣ ሱፐርቫይዘር፣ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ዞን ነው። ወንጀል ከሆነ ግን ይህንን ሁሉ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ፖሊስ። የሰብአዊ መብት ኮሚሽንና እንባ ጠባቂም የሕፃናትን አቤቱታ ይቀበላሉ።

ማመልከቻውን በጽሑፍ፣ በሁለት ኮፒ አድርጉት። ቀኑን፣ የሆነውንና የምትጠይቁትን ብቻ ጻፉ፤ ስድብ አታስገቡ። አንዱን መዝገብ ቤት ስጡ፣ ሁለተኛው ላይ ቀንና ቁጥር አስጽፋችሁ፣ ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። ከማመልከቻው በፊት ያለውን የልጁን ካርድና የታረሙ የፈተና ወረቀቶችም አስቀምጡ፤ ማርኩ ድንገት ቢያሽቆለቁል የምታሳዩት እነሱን ነው።